የሚስተሬ ሀዘን

ምንም ሳይጎድለው ማዘን የሚያምረው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ዓረብ አገር፣ ሐምራ ሰፈር ውስጥ በሰዓት ሂሳብ እየሄድኩ ቤቱን የማጸዳለት ሚስተሬ እንደዚያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰርግ ላይ ኪቦርድ እየተጫወተ ሰው ያስጨፍራል። በሌላው ቀን ግን መጋረጃውን ዘግቶ "እውነተኛው ሥራዬ" የሚለውን ጭጋግ የመሰለ የሮክ ሙዚቃ ይሠራል። አቧራ እንኳ ሳራግፍ "ተይው፣ ያኒ፣ ማለቴ ድባቡ ይጠፋል" ይለኛል። እናቱ በየቀኑ ምሳ እየላኩለት ምን እንደሚያስለቅሰው አላህ ይወቀው!

አንድ ቀን ኩሽናውን እየወለወልኩ ሳንጎራጉር በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ይሄን ሁሉ ስቃይ ከየት አመጣሽው?"

የምን ስቃይ? እኛ ወሎ ሰርግ ላይ "ሚዜዎቹ ወጡን ጨረሱት" እያልን የምንስቅበት ዘፈን እኮ ነው! ልነግረው አፌን ስከፍት፣ "ኸላስ! በቃ፣ ቁስልሽን አልነካካውም" ብሎ ማይክሮፎን ደቀነብኝ።

ሥራውን አንድ ካፌ ውስጥ ባቀረበ ቀን፣ ዶራ ሰፈር አብረውኝ የሚኖሩትን ሦስት ጓደኞቼን ይዤ ሄድኩ። ታዳሚው ጥቁር ለብሶ አንገቱን ደፍቷል። የተቀዳው ድምፄ ከጊታሩ መሀል ብቅ ሲል የኔዎቹ ዘለው ተነሡ። እልልታው፣ ጭብጨባው፣ እስክስታው! በቃ፣ ዛሬ ሥራዬን አጣሁ ብዬ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ሚስተሬ እንባውን እየጠረገ ወደ ታዳሚው ዞረ።

"አያችሁ? እነሱ አገር እንዲህ ነው የሚለቀሰው!"

ታዳሚው በሙሉ በአክብሮት ተነሣና፣ እንደ ጓደኞቼ ትከሻውን እየነቀነቀ ያጽናናን ጀመር።