ስፖንጋ ላይ የቀበርናት ደራሲ

ሰው ሲቀብር እንደ እኛ የሚዋሽ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። በቁሙ ስንቦጭቀው የኖርነውን ሰው፣ ሳጥኑ መሬት ሲነካ ደግ፣ ታታሪና ቤተሰቡን አክባሪ እናደርገዋለን። የሕይወት ታሪክ አንባቢው ድምፁን ወፈር አድርጎ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ» ብሎ ሲጀምር፣ እናንተም እንደ እኔ «የተሳሳተ ቀብር መጣሁ እንዴ?» ብላችሁ ዙሪያችሁን አይታችሁ ይሆናል። የአባቴን የሕይወት ታሪክ በስልክ ነው የሰማሁት። «ልጆቻቸውን ለቁም ነገር ያበቁ» ተባለ። ወንድሞቼን ለቁም ነገር ያበቃኋቸው እኔ ነኝ፤ እዚህ ስቶክሆልም፣ ሶደርማልም ሰፈር የሰው አገር አዛውንት እያጠብኩ፣ አባቴ እዚያ ሳር ቤት ስለ አገር ዕጣ ፈንታ ሲከራከር። እኔ የተነሳሁት መጨረሻ ላይ ነው፦ «አንዲት ሴት ልጅም በውጭ አገር ይገኛሉ።»

እገኛለሁ። ብሬዴንግ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከመጽሐፎቼ ጋር።

ታዲያ ባለፈው መጋቢት የሴቶች ማኅበራችን ሰብሳቢ አሰለፈች ደወለችና «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ስለ አንዲት ጠንካራ ሴት ይናገሩልን፤ እዚህ ያደጉት ልጆቻችንም ይመጣሉ» አለችኝ። ወዲያው ትዝ ያለችኝ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የኖረች አንዲት አሜሪካዊት ልብ ወለድ ጸሐፊ ናት። ስሟን አልነግራችሁም፤ ከነገርኳችሁ መጽሐፏን ፍለጋ ትሄዱና እኔን ትተዉኛላችሁ። አባቷ ፈላስፋ ነበር። እሱ ትልልቅ ሐሳብ ያስባል፣ ቤተሰቡ ይራባል። አንዴማ ሰው ሁሉ ተስማምቶ የሚኖርበት እርሻ እናቋቁማለን ብሎ ሚስቱንና አራት ሴት ልጆቹን ገጠር ወሰዳቸው፤ ብርዱ ሲገባ ሐሳቡ አላሞቃቸውም። ልጅቱ ልብስ ሰፋች፣ ሰው ቤት አገለገለች፣ አስተማረች፤ በመጨረሻ ብዕሯን ይዛ ተቀመጠችና ቤተሰቡን በሙሉ ተሸከመች። ባል አላገባችም። እህቷ ወልዳ ብዙ ሳትቆይ ስትሞት ደግሞ ሕፃኗን ተቀበለች።

ይህንን ጽፌ ለአሰለፈች ላክሁላት። አሰለፈች ግን ስቶክሆልም ውስጥ የሞተውን አበሻ ሁሉ የሕይወት ታሪክ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት፤ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ እጇ አይታዘዝላትም። ወረቀቴ አምሮበት ተመለሰ። አባትየው «ለቤተሰባቸው ሲለፉ የኖሩ» ሆነዋል። ትዳር «ሳይቀናት ቀረ» ይላል። መጨረሻው ላይ ለወዳጅ ዘመዶቿ መጽናናትን ተመኝታለች።

ደወልኩላት።

«አንቺ፣ ሴትዮዋን ቀበርሻት እኮ!»

«እትዬ፣ የሞተ ሰው አይነካም፤ አባት ደግሞ ጭራሽ! ሴት ልጆቻችንስ ባል አያስፈልግም ብለው ቢነሱ?»

«ከተነሱ ቆይተዋል። የማነበው የራሴን ነው።»

«እንግዲያው ማይክራፎኑ እኔ ጋ ነው።»

«ድምፄም እኔ ጋ ነው።»

ቅዳሜ ስፖንጋ፣ የማኅበሩ አዳራሽ ስደርስ፣ አሰለፈች የእሷን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና የራሴን አነበብኩ፤ አባቷን ከነሐሳቡ፣ እርሻውን ከነብርዱ። ማይክራፎኑ ሳይከፈት ቀረ። ጮኼ ነው ያነበብኩት፤ ድምፄ ለሦስት ቀን አልተመለሰም። ስጨርስ ትልልቆቹ ሴቶች ልማድ ሆኖባቸው ተነሥተው ቆሙ፣ አንዷም «ነፍሷን ይማር» አለች። የአሰለፈች ልጅ ሊያ እጇን አወጣች። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትናገረው ግን በስዊድንኛ ነው። «ለምን ጥላቸው አልሄደችም?» አለች።

«ስለምትወዳቸው ነዋ» አልኳት በአማርኛ። «አባቷንም እስከ መጨረሻው ጦራዋለች። ግን ማን ማንን እንደተሸከመ ታውቅ ነበር።»

ሊያ ዞር ብላ እናቷን አየቻት። አሰለፈች ወንበር ማስተካከል ጀመረች።

በሳምንቱ ስልኬ አላርፍ አለ። ሦስት ሴቶች ለየብቻቸው ደውለው፣ «በቁሜ ሳለሁ የእኔን የሕይወት ታሪክ እንዳለ ይጻፉልኝ፤ አሰለፈች ግን እንዳትሰማ» አሉኝ። አራተኛዋ ደዋይ አሰለፈች ነበረች። መጀመሪያ ስለ በረዶው አወራች፤ ስለ ጉልበቴ ጠየቀች።

«እትዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ሁሉንም እነግርዎታለሁ፤ ሁሉንም ይጻፉት። ብቻ አባቴን ታታሪ ይበሉልኝ።»

«ታታሪ ነበር?»

 

«ዳማ ላይ ታታሪ ነበር» አለች።

«እሱን እጽፋለሁ» አልኳት።