በራሴ ላይ ያስተረጎምኩ ዕለት

ቶሮንቶ ያደገ የሐበሻ ልጅ ሁሉ ሳይቀጠር የሠራው አንድ ሥራ አለ፤ አስተርጓሚነት። ገና የወተት ጥርሱን ሳይጨርስ እናቱን ተከትሎ ክሊኒክ ይገባል፤ እግሩ መሬት በማይነካበት ወንበር ላይ ይቀመጥና የትልቅ ሰው ሕመም ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ያሻግራል። እናት ሕመሙ ከየት እንደ ተነሣ፣ በየት በኩል እንደ ዞረ፣ የሕንፃው ሊፍት ተበላሽቶ ዐሥራ አንደኛ ፎቅ ድረስ በእግሯ የወጣች ዕለት እንዴት እንደ ባሰባት፣ በዚያ ሰሞን አማቷ ምን ብለው እንዳናደዷት ጭምር ታወራለች፣ ታወራለች። ዶክተሩ በመጨረሻ ወደ ልጁ ዞር ይላል። ልጁም «ጉልበቷን ያማታል» ይላል።

ያ ሁሉ ታሪክ ጉልበት ሆኖ ቀረ።

እናንተም ልጅ ካላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ራሳችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ሆናችሁ ካደጋችሁ ደግሞ አድርጋችሁታል፤ አትካዱ። አስተርጓሚ ማለት የሁለት ሰዎችን ንግግር በእጁ ይዞ፣ የወደደውን የሚያሳልፍ፣ ያልወደደውን ኪሱ የሚከት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሥልጣን ለሕፃን ልጅ ሲሰጥ ያየሁት ስደተኛ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። በእኔ ላይ የደረሰው ግን የዚህ ግልባጭ ነው። እኔ ነኝ ለልጄ ያስተረጎምኩላት። ያውም ራሴ የተከሰስኩበትን ጉዳይ።

ስፓኒሽ ስናገር የሰሙ ያገሬ ሰዎች መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥለው «ከየት አመጣኸው?» ይላሉ። ከኩባ ነው። አባቴ ጦር ሜዳ ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር፣ እንደ እኔው አባት ካጡ ብዙ ልጆች ጋር በመርከብ ተጭኜ ኩባ ሄድኩ። ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ብርቱካን ለቀማ። ጢሜም ስፓኒሼም እዚያው በቀሉ። ከዓመታት በኋላ ቶሮንቶ መጥቼ ሬክስዴል አንድ ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ፣ ከማምረቻው መስመር ማዶ የቆመች አጭር ሴት ማሽኑ ጓንቷን ሲነክስባት ጊዜ ማሽኑን ከነእናቱ ሰደበችው። በስፓኒሽ። እኔም በዚያው ቋንቋ «እናቱ ምን አደረገችሽ?» አልኳት። ሮሳ ትባላለች፤ ሜክሲኮ ውስጥ የፑዌብላ ከተማ ልጅ ናት። ሳቋን ስትጨርስ ተጋባን ብል ብዙም አልዋሸሁም።

ልጃችን ሶፊያ ከእናቷ ጋር በስፓኒሽ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከአሻንጉሊቶቿ ጋር በእንግሊዝኛ እያወራች አደገች። በየእሑዱ ፑዌብላ ካሉት አያቷ ጋር በስልክ ታወራ ነበር። ስምንት ዓመት ሲሆናት ሮሳ ታመመች፤ በዚያው ዓመት ሞተች።

የሮሳ ታላቅ እህት ካርመን እዚሁ ቶሮንቶ ነው የምትኖረው። «እህቴ ወደ እናቷ አገር ትሂድ፤ እዚያ ትቀበር» አለች። «ልጇ ያለችው እዚህ ነው፤ እዚህ ትቀበራለች» አልኩ። ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ልክ የሆኑ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ደግሞ ጠቡ ማለቂያ የለውም። መቃብር አፋፍ ላይ የማይባል ተባባልን። ከዚያ ወዲያ አልተያየንም። እሑድ እሑድ ከፑዌብላ የሚመጣው ስልክ ይጠራል፤ እኔ አላነሣም። በኋላ ቁጥሬን ቀየርኩ። ቤት ውስጥም ስፓኒሽ ቀረ፤ ልጅቷ ስትጀምር በአማርኛ እመልስላታለሁ፤ ቀስ በቀስ ተወችው። አንድ ቀን «አቡዌላ ለምን አትደውልም?» ብላ ጠየቀችኝ። አቡዌላ ማለት በእነሱ አያት ማለት ነው። እኔም የመኪናውን መስታወት እየወለወልኩ «እንጃ፣ ተዉን መሰለኝ» አልኳት።

ለዓመታት የሠራች ውሸት ናት።

አሁን ሶፊያ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኦታዋ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ናት። ባለፈው የካቲት፣ ተማሪዎች ሪዲንግ ዊክ የሚሉት የአንድ ሳምንት ዕረፍት ሲቃረብ ኮል አደረገችልኝ። «ባቢ፣ ቶሮንቶ እመጣለሁ። ግን ካርመን ጋር ነው ስቴይ የማደርገው።» ለካስ አክስቷን በስልኳ ፈልጋ አግኝታታለች። እኛ ዘመድ ሲጠፋብን እናዝናለን፤ የዛሬ ልጅ ስሙን ጽፎ ይፈልጋል፤ ያገኛል። «አቡዌላም መጥታለች» አለች፤ «ካርመን ጉልበቷን ኦፕሬሽን ሆና ልታስታምማት።» እሑድ ጠዋት ደግሞ መልሳ ደወለች፤ «ባቢ፣ ና። አቡዌላ ኢንግሊሽ የላትም፣ እኔ ስፓኒሽ የለኝም። ካርመን በመድኃኒት ቀኑን ሙሉ ተኝታለች። በስልክ ማስተርጎሚያው ትራይ አደረግን፤ አቡዌላ ስልኩን ተቆጣችው።»

ልጄ ስትጠራኝ አልሄድም አይባል ነገር። ኤግሊንተን ዌስት ሄድኩ። የካርመን ቤት ከአንድ የጃማይካ ሰው ፀጉር ቤት በላይ ነው፤ ደረጃውን ስወጣ ከታች የመላጫው ጥዝዝታ ይሰማኛል።

ዶኛ ኤልቪራ፣ በእኛ ወይዘሮ ኤልቪራ እንደ ማለት ነው፣ የሮሳ እናት፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። አርባ ዓመት አንደኛ ደረጃ ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው እንኳ አቀማመጣቸው ክፍል ውስጥ ያሉ ነው የሚመስለው። ሰላምታዬን ተቀበሉ፤ በእጃቸው ወንበር አሳዩኝ፤ በእሳቸውና በሶፊያ መካከል። ከዚያ ሶፊያን እያዩ ተናገሩ።

«ይቺ ልጅ በየእሑዱ ታወራኝ ነበር። የወለቀ ጥርሷን ትነግረኛለች፤ ለአንዱ እንዲያውም ስም አውጥታለት ነበር። እናቷ ከሞተች በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ደወልኩ። የሚያነሣ የለም። ከዚያ ቁጥሩ ጠፋ። ልጄን ሞት ወሰዳት፤ የልጄን ልጅ ማን ወሰዳት? ቋንቋውንስ ከአፏ ማን አወጣው? በል፣ ተርጉም።»

እኔም ወደ ሶፊያ ዞርኩና «በጣም ናፍቀሽኝ ነበር ይላሉ» አልኩ።

ዶኛ ኤልቪራ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ ስንት ተናገርኩ፣ አንተ ስንት ተናገርክ?» አሉኝ። «ግማሹን ገልብጦ ደብተሩን የሚዘጋ ተማሪ ማጅራቱን አይቼ አውቀዋለሁ። እንደ ገና ጀምር። አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር።»

ሶፊያም ነገሩ ገብቷት «ባቢ፣ ሺ ሴድ ሞር ዛን ዛት» አለች፤ ከዚህ በላይ ነው የተናገረችው ማለቷ ነው።

ምን ላድርግ? እሳቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ይላሉ፤ እኔ አንድ አሻግራለሁ። የጥርሱን ነገር ስነግራት ሶፊያ ፈገግ አለች። ስልኩ ጋ ስደርስ ፈገግታው ቆመ። ቁጥሩ ጠፋ ያሉትን ስጨርስ ዐይኗ እኔ ላይ ነበር፤ ዐይኗ ደግሞ የእናቷ ነው። «ዩ ሴድ ዘይ ስቶፕድ» አለችኝ። ልጄ ስትናደድ አማርኛው ከሁሉ ቀድሞ ከቤት ይወጣል።

«ምን አለች?» አሉ ዶኛ ኤልቪራ።

ይህንንም መተርጎም አለብኝ ማለት ነው። «እነሱ ናቸው የተዉን ብለኸኝ ነበር አለችኝ» አልኳቸው።

«ብለሃታል?» አሉ አያት በስፓኒሽ። «ዲድ ዩ ላይ ቱ ሚ?» ዋሽተኸኛል? አለች ልጅ በእንግሊዝኛ። ጥያቄው አንድ ነው፤ መልሱ ግን ሁለት ጊዜ መነገር ነበረበት። ብዙ ቋንቋ በማወቄ የኮራሁባቸው ቀኖች ነበሩ፤ አንድን ጥፋት ሁለት ጊዜ ማመን እንደሚያስፈልግ ግን አስቤው አላውቅም። ለእሳቸው አዎ አልኩ። ለእሷም አዎ አልኩ።

ከዚያ ምክንያቴን ተናገርኩ። «የእርስዎ ድምፅ የሮሳ ድምፅ ነው» አልኳቸው። «አንድ እሑድ አንሥቼው ነበር። ‹ልጄ› ሲሉ ሰማሁና ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ አልቻልኩም።» በስፓኒሽ ስናገረው እውነተኛ ምክንያት ይመስል ነበር። ወደ አማርኛ ሳዞረው ሰበብ ሆነ።

ሶፊያ ብድግ አለች፤ ጃኬቷን ይዛ ደረጃውን ወረደች። ዶኛ ኤልቪራ ወደ መስኮቱ ሄደው ከታች ኤግሊንተን ዳር በረዶ ላይ የቆመችውን ልጅ አዩ። ሳይዞሩ «አሁን ሂድ» አሉኝ። ትንሽ ቆይተውም፣ «ሁለተኛው ላይ በደንብ ተርጉመሃል» አሉ።

ማርክ ሰጡኝ። ኮቴን ለበስኩና ወጣሁ፤ ሶፊያ አጠገብ ሳልፍ ቀና አላለችም።

የሚቀጥሉትን አራት ቀኖች እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አትጠይቁኝ። ሥራዬ ኖርዝ ዮርክ አንድ ትልቅ ሕንፃ መጠገን ነው፤ በዚያ ሳምንት ያልተበላሸውን ሁሉ ፈትቼ ገጠምኩ። የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ የሆኑ አዛውንት «የእኔ በር ምንም አልሆነም እኮ» ቢሉኝም ማጠፊያውን ዘይት ቀባሁላቸው። ስልኬ ዝም ብሏል። ሰው ዐሥራ አንድ ዓመት ስልክ ሳያነሣ ቆይቶ አራት ቀን ስላልተደወለለት ሲጨነቅ ማየት ለተመልካች ደስ ሳይል አይቀርም።

ኀሙስ ማታ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። አነሣሁት። ዶኛ ኤልቪራ ነበሩ። «መኪና አለህ?» አሉ። አለኝ አልኩ። «ነገ ልጄ ያለችበት ውሰደኝ።»

ዐርብ ጠዋት ሁለቱም ከፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ዶኛ ኤልቪራ የካርመንን ወፍራም ካፖርት ለብሰው ፊታቸው ብቻ ነው የሚታየው። ሶፊያ ከኋላ ገባች፤ «ሃይ» አለች፤ ሌላ ቃል የለም። መቃብሩ ስንደርስ በረዶው እስከ ጉልበት ነው። ድንጋዮቹ ሁሉ መሬት ላይ የተነጠፉ ስለሆኑ አንድም አይታይም። በጋና በፀደይ ሁልጊዜ እሄዳለሁ፤ በክረምት ሄጄ አላውቅም። አንዷን ዛፍ ምልክት አድርጌ ከመኪናው ባወጣሁት አካፋ በረዶውን መቆፈር ጀመርኩ። የሌላ ሰው ወጣ። ሁለተኛም ቆፈርኩ፤ የሌላ ሰው። ሶፊያ አካፋውን ከእጄ ወሰደችና በሦስተኛው አገኘቻት።

ዶኛ ኤልቪራ የልጃቸውን ስም አዩ፤ አላለቀሱም። ዙሪያውን ተመለከቱና «ጎረቤቶቿ እነማን ናቸው?» አሉኝ። ግራ ገባኝ። «የእነዚያንም በረዶ አንሡት።» ሶፊያ በአካፋ፣ እኔ በእጄ፣ በግራና በቀኝ፣ በራስጌና በግርጌ ያሉትን ጠረግናቸው። ዶኛ ኤልቪራ መነጽራቸውን አደረጉና ስሞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። የፖርቱጋል ሰው ነበር፤ የቻይና ሴት ነበረች፤ ባልና ሚስት ጃማይካውያን ነበሩ። የሁሉንም ስም እያጣመሙ ይጠራሉ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ትንሽ ቆም ይላሉ፤ የሚጠብቁት ነገር ያለ ይመስላል። ምን እያደረጉ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ስም መጥራታቸው ነው። የክፍል ስም መጥራት።

በመጨረሻ «ሮሳ» አሉ።

ነፋሱ የካፖርታቸውን ጫፍ ያራግባል።

«ፕሬሴንቴ» አለች ሶፊያ።

አለሁ ማለት ነው፤ ተማሪ ስሙ ሲጠራ የሚመልሰው። ለካስ አያቷ ሳምንቱን ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ካርመን ሳሎን ውስጥ እንዲህ እየጠሯት፣ እንዲህ እያስመለሷት ሲያስተምሯት ሰንብተዋል፤ ያለ አስተርጓሚ። ዶኛ ኤልቪራ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄን እዚህ ብቻዋን የተውካት መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

ጎንበስ ብለው ከልጃቸው ጋር ማውራት ጀመሩ፤ ረጅም ነገር ነው። እኔም ልማድ ሆኖብኝ ለሶፊያ ላሻግር አፌን ስከፍት፣ ሳያዩኝ እጃቸውን አነሡ። «ይህ አይተረጎምም።»

«ምን አለች?» አለች ሶፊያ በሹክሹክታ።

«አትተርጉም አሉ።»

ሳቀች። አምስት ቀን ሙሉ የጠበቅኩት ሳቅ ነበር፤ አፏን በጓንቷ ይዛ።

እሑድ አውቶቡስ መናኸሪያ አደረስኳት። ቦርሳዋን ካነገተች በኋላ «አሁንም ተናድጄብሃለሁ፣ ኦኬ?» አለችኝ። ኦኬ አልኳት። «አሁንም ብዙ ጊዜ እናደዳለሁ።» እሺ አልኳት። «ግን ረቡዕ ረቡዕ በስፓኒሽ ደውልልኝ። አማርኛ እንዳታስገባ። ቺት እንዳታደርግ።» እኔም እየደወልኩ ከረምኩ። እንዴት ያለ ከባድ ነገር መሰላችሁ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት የተዘጋ አፍ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው ዝገት ነው። አንዳንድ ረቡዕ ስለ አየሩ ብቻ አውርተን ይደክመናል። አንዳንድ ረቡዕ ስለ እናቷ ትጠይቀኛለች፤ ከፋብሪካው ማሽን እጀምርላታለሁ።

ነሐሴ ላይ ፑዌብላ ሄደች፤ ለሦስት ሳምንት። ኤርፖርት ሳደርሳት፣ በሚቀጥለው አብረን እንሂድ ይሆን ብዬ ጠየቅኋት። አሰብ አደረገችና «ሜይቢ» አለች። በልጆቻችን ቋንቋ ሜይቢ ብዙ ነገር ነው፤ ከብዙ አዎ ይሻላል፤ ቢያንስ ታስቦበታል።

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ በድምፅ የተቀዳ መልእክት ላከችልኝ። ከኋላዋ ሰው በሰው ላይ ይንጫጫል፤ ሕፃን ያለቅሳል፤ ውሻም ያለ መሰለኝ። «ባቢ፣ ደረስኩ» ትላለች በስፓኒሽ። «ብዙ ሰው ነው የተቀበለኝ። ሁሉም ባንዴ ያወራሉ። ምንም አይገባኝም። ደስ ብሎኛል።»

በአምስቱ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ስሕተት ነበረበት። ደግሜ ደጋግሜ ሰማሁት፤ አንዱንም አላረምኩም።