ሦስተኛዋ እልልታ

ስሚኝማ እህቴ፣ ፍቺውን ታውቂ እንደሆነ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጋደም ብዬ ሕልም አየሁ። ልጄ ውድነሽ ባሕር ማዶ የመውለጃ ቀኗ ደርሷል። ሄጄ ላርሳት ብዬ ቪዛ ብጠይቅ፣ "ለመመለስሽ ማስረጃ የለሽም" ብለው ከመለሱኝ ገና ሳምንቴ ነው። እሱኑ እያሰብኩ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

በሕልሜ ፈረንጁ ሁሉ ደጄ ላይ ተሰልፏል። ሰልፉ አጥሬን ሁለት ጊዜ ዞሮታል። ለፋሲካ የገዛነው በግ ቆብ ደፍቶ በሩ ላይ ቆሟል።

"በመስመር! በመስመር! ስልክ አጥፉ!" ይላቸዋል።

እኔ ሳሎኔ ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጫለሁ፤ ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ ማኅተም አለ። አንዲት እኩያዬ የምትሆን ፈረንጅ ቋጠሮ ይዛ ገባች።

"ስም?"

"ማርግሬት፣ እመቤቴ።"

"ፎቶሽን ማሽኑ እምቢ አለ። በጣም ነጥተሻል፤ ፊት አልመሰለውም።"

"ማሽኑን በእናንተ ፊት ልክ ሠርታችሁት ነዋ!"

"እሱን እኔ አላመጣሁትም። ለምን መጣሽ?"

"ልጄ ምጥ ላይ ናት። እዚሁ ከግድግዳው ጀርባ።"

እውነቷን ነው። ከጓዳዬ የምታምጥ ሴት ድምፅ ይሰማል፤ ጎረቤቶቼም "ማርያም! ማርያም!" ይላሉ። ሴትዮዋ ድንገት ወደ ቡፌዬ ጠቆመች።

"ውይ! ያ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ደወል አይደለም?"

"ነው። አያቴ አገራችሁ ዘምቶ ያመጣው ነው።"

"መልሱልና!"

"እናንተ ጋ ይዝጋል። እኔ በሳምንት ሁለቴ እወለውለዋለሁ። በፈለግሽ ጊዜ መጥተሽ ማየት ትችያለሽ።"

"ያለ ቪዛ?"

በጉ በሩ ላይ ሆኖ ሳቀብኝ።

ከጓዳ እልልታ ተሰማ። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። ሴትዮዋ በጣቷ ቆጠረች፤ ሦስት ላይ ቆመ። ወደ ጓዳው ልትሮጥ ስትል ቋጠሮዋ ተፈታ፤ የገንፎ ዱቄት ነው። የኔው ዱቄት! ለውድነሽ ያስፈጨሁት!

"አሁንስ አሳልፊኝ" አለችኝ።

"ለመመለስሽ ማስረጃ የለሽም" አለ አፌ። እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ማኅተሙን ላነሣ ብታገል ከጠረጴዛው ጋር ተጣብቋል። ብስበው፣ ብስበው...

"እማ! እማ! ተነሽ!"

ልጄ ሲሳይ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቅኗል። ውድነሽ ወልዳለች፤ ሴት። ከአንዲት በዕድሜ ከገፋች ነርስ በቀር አጠገቧ ሰው የለም፤ ስልኩን የያዘችላትም እሷው ናት።

"እማዬ፣ ብቻዬን ነኝ" አለችኝ።

ነጠላዬን እንኳ ሳልለብስ ተነሣሁ። አንድ እልል አልኩ። ሁለት አልኩ። ኔትወርኩ ጠፋ። ሲሳይ መልሶ መላልሶ ደወለ፤ አይነሣም።

"ሦስተኛዋን ኋላ ትያታለሽ" ይለኛል። እንዲህ ያለ ነገር ኋላ አለው እንዴ?

እህቴ፣ አንቺን ወይ የምታውቂውን ሰው ቪዛ ሰጥተው ያሳለፉ እንደሆነ፣ ዱቄቱ ከከበዳችሁ ተዉት። የውድነሽ በር ላይ ቆማችሁ አንዴ ብቻ እልል በሉልኝ።