ኦርጅናል ያልሆነው ብርጭቆ

ሰው ሌሊት ያየውን ሕልም ያወራል፤ እኔ ግን የምነግራችሁ ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሶፋ ላይ ጫማዬን ሳላወልቅ ያየሁትን ነው። ምሳው ራሱ አልተዋጠልኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘርጋው እባላለሁ፤ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ከአዳማ ሚሌ ስመላለስ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ልጄ ሶስና ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ማንኪያ ከታ፣ «አባዬ፣ ማንኪያው ለምንድን ነው የተሰበረ የሚመስለው?» አለችኝ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ግን የትኛው ሹፌር ነው አላውቅም የሚል? ፍሬን ሲበላሽ፣ ራዲያተር ሲያፈስ፣ ፓውዛ ሲቃጠል መልሳችን አንድ ነው። እሱኑ ሰጠኋት።

«ብርጭቆው ኦርጅናል ስላልሆነ ነው።»

አመነችኝ። እስከ ዛሬ ያልኳትን ሳታምን ቀርታ አታውቅም። ትናንት ደግሞ ይኸው የማንኪያ ጥያቄ ይመጣበታል የተባለ የሳይንስ ፈተና ነበራት፤ ከሰዓት፣ ልክ ሰባት ሰዓት ላይ። ምሳ ሳልጨርስ ይህንኑ ጨዋታ ለጎረቤታችን ለጋሽ ወንድይፍራው በአጥር ላይ አወራኋቸው። ጋሽ ወንድይፍራው ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አንተ ሰው! የሚታጠፈው እኮ ብርሃኑ ነው፤ ብርጭቆው ምን አደረገህ?»

እንዴት እንደሚታጠፍ ሊነግሩኝ ሲጀምሩ ሳላቸው በረታና ወደ ቤታቸው ገቡ። ሰዓቴን አየሁ። ሰባት ከሩብ። ልጄ በዚያች ደቂቃ የእኔን መልስ ወረቀት ላይ እያሰፈረች ነው። ዜሮ ማግኘቷ አይደለም የከበደኝ፤ ስትመለስ እንዴት አድርጋ ታየኝ ይሆን የሚለው ነው። በዚህ ጭንቀት ጋደም አልኩ።

ወዲያው ራሴን ስምሪት ክፍል አገኘሁት። ስምሪት የምትሰጠው መነፅር ያደረገች አህያ ነበረች። ሹፌሮቹ ጭነት አዝለው ተሰልፈዋል፤ መኪኖቹ ጥላ ሥር ካርታ ይጫወታሉ።

«ብርሃን የዓመት ፈቃድ ወጥቷል» አለች አህያዋ ቀና ሳትል። «ዛሬ ሥራውን ሰው ተክቶ ይሠራል። ዘርጋው! ከፀሐይ እስከ ማንኪያው፣ ከማንኪያው እስከ ልጅቷ ዓይን።»

መንገዱን አላውቀውም ልል አፌን ከፈትኩ። ሹፌር መሆኔ ትዝ አለኝና «አውቀዋለሁ» አልኩ።

«ቀጥ ብለህ ብቻ ሂድ።»

መኪናዬን ከካርታው ለምኜ አስነሳሁና ቀጥ ብዬ ነዳሁ። የሰው ቤት በመስኮት ገባሁ፤ ማንም አልተቆጣኝም። እንዲያውም አንድ ሽማግሌ ጋዜጣቸውን ወደ እኔ አዙረው አነበቡና፣ ተባረክ ብለው ሸኙኝ። እንደዚህ የተከበርኩበት ጉዞ አላስታውስም።

መንገዱ ውሃ ጋ ሲደርስ ገመድ ተወጥሮ ጠበቀኝ። የአየርና የውሃ ኬላ ነው። ፈታሹ ካኪ ኮት የለበሰ ትልቅ ዓሣ ነበር። ከፊቴ አንዲት ደልደል ያሉ ሴትዮ የልብስ ሳፋ ተሸክመው ተሰልፈዋል። ገመዱ ሲለቀቅላቸው ወደ ውሃው ገቡ፤ ገና ወገባቸው ጋ ሲደርስ እጥፍ አሉ። ደረታቸው ወዲህ፣ እግራቸው ወዲያ ሄደ።

«እናንተ እግሮች! ጠብቁኝ እንጂ!» ብለው ተከተሏቸው።

ተራዬ ደረሰ።

«ከየት ነው?» አለኝ ዓሣው።

«ከፀሐይ።»

«የጫንከው?»

«ሰባት ዓይነት ቀለም።»

«ውሃ ውስጥ እንደ አየር አይሮጥም፤ ቀስ ትላለህ። ትታጠፋለህም።»

«ቀስ እላለሁ። መታጠፍ ግን አልታጠፍም፤ ቀጥ ብለህ ሂድ ነው የተባልኩት።»

«ሁሉም እንዲህ ይላል» አለና ገመዱን ለቀቀው።

የመጣሁት በሰያፍ ስለነበር ቀኝ ጎማዬ ቀድሞ ውሃ ነካ። ቀኙ ተያዘ፤ ግራው ገና አየር ላይ እንደ ልቡ ይሮጣል። መሪውን ሳልነካው መኪናው ወደ ቀኝ ዞረ። ሕልሜ ውስጥ ጮህኩ፦ «ይሄማ የሚሌ አሸዋ ነው!» ሚሌ መንገድ ላይ ቀኝ ጎማህ ከአስፋልት ወጥቶ አሸዋ ከነካ መኪናው ወደ አሸዋው ይጎትትሃል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታገለው የኖርኩት ነገር ነው። ከኋላዬ የነበረ አንድ ሰው ግን ውሃውን ፊት ለፊት ገባበት፤ ሁለት እግሩ እኩል ቀስ አለ፤ ሳይታጠፍ አለፈ። ማንኪያውን ነክቼ ስወጣ ደግሞ ቀድሞ የወጣው ጎማ ፈጠነና መኪናው በተቃራኒው ዞረ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እየዘፈንኩ ነው ትምህርት ቤት የደረስኩት።

በሩ ላይ «ወላጅ ሁሉ ልጅ ይዞ ይምጣ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ክፍሉ ውስጥ ወላጆች ዩኒፎርም ለብሰው ዴስክ ላይ ተጨናንቀዋል። ሕፃናቱ ከፊት ተሰይመዋል። መሐል ወንበር ላይ ሶስና ተቀምጣለች፤ እግሯ መሬት አይደርስም። ተከሳሹ ብርጭቆው ነበር። ቆሞ ያለቅሳል፤ ባለቀሰ ቁጥር ራሱ ይሞላል።

«ዕድሜዬን በሙሉ ሻይ ቤት አገልግያለሁ» አለ። «ኦርጅናል አይደለህም ከተባልኩ ወዲህ ማንኪያ እንኳ ሰላም አይለኝም።»

«ምስክር ዘርጋው» አለች ሶስና። «ከየት መጣህ?»

«ከማንኪያው ነው፣ እሜቴ።»

«ዓይኔ ‹በቀጥታ ነው የመጣው› ብሎኛል። በመጣህበት አቅጣጫ ቀጥ ብዬ ሳይ ግን ማንኪያው እዚያ የለም። ዋሽተሃል?»

«አልዋሸሁም እሜቴ! ድንበሩ ላይ ታጥፌያለሁ። ዓይንዎ መታጠፌን አላየም፤ ቀጥ ብዬ የመጣሁ መስሎት ማንኪያውን ሌላ ቦታ አስቀመጠው። ብርጭቆው ንጹህ ነው!»

ወላጆቹ አጨበጨቡ። ብርጭቆው ለቅሶውን አቆመ። ሶስና ግን አልሳቀችም።

«ታዲያ ማክሰኞ ለምን ኦርጅናል አይደለም አልክ?»

ልጄ ናት፤ እያየችኝ ነው።

«ስለማላውቅ» አልኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ሶስና መዶሻውን አነሳችና ፍርዱን ልትሰጥ አፏን ስትከፍት፦

«አባዬ! አባዬ ተነስ!»

ነቃሁ። ሶስና ቦርሳዋን እንዳዘለች አጠገቤ ቆማለች። አፏን ሳታሟሽ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ጎማውን፣ አሸዋውን፣ ዓይን እንዴት እንደሚታለል። «ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ማክሰኞ አላውቅም ነበር። የነገርኩሽ ስህተት ነው» አልኳት። ተናግሬ ስጨርስ ቅልል አለኝ።

ቦርሳዋን አወረደችና፣ «ሙሉ ነጥብ አገኘሁ እኮ» አለች።

«በምን?»

«በብርጭቆው።»

የሳይንስ መምህሩ ከለቀቁ ሁለት ወር ሆኗቸዋል ለካ። ክፍለ ጊዜውን የያዙት የስፖርት መምህሩ ናቸው። ወረቀቱን እዚያው ሲያርሙ የእሷ መልስ ደስ አላቸው። አባቴ ነው የነገረኝ ስትላቸው፣ አባትሽ አዋቂ ነው ብለው ጮክ ብላ እንድታነብ አደረጓት፤ ከዚያ ለክፍሉ በሙሉ አስጻፉት። ስልሳ አራት ተማሪ።

«ነገ አብሬሽ እመጣለሁ» አልኳት። «ለመምህሩ አስረድቼ እናስተካክለዋለን።»

ያ የፈራሁት አስተያየቷ ያን ጊዜ መጣ፤ አላዋቂ እንደሚታይ አየችኝ።

«አባዬ፣ በእስክርቢቶ ነው እኮ የጻፍነው።»