ማህተም ያረፈበት የሊንክ ዝርዝር

ሰው ያነበበውን ትቶ ሊያነበው ያሰበውን ማከማቸት ከጀመረ ቆየ። ካላመናችሁኝ ስልካችሁን አንሡና «በኋላ አየዋለሁ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን ቁጠሩት። ያ «በኋላ» የሚባል ቀን መቼ መጥቶ ያውቃል? ያም ሆኖ አስቀማጩ ያስቀመጠውን ሁሉ ያወቀው ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ይህንኑ አመል ደመወዝ እየተከፈለኝ ነው የማካሂደው።

አምቦ ከሚገኙት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የአይሲቲ መምህር ነኝ። አንድ ዓመት ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ፤ በትምህርት ቴክኖሎጂ ምን አዲስ ነገር እንዳለ የሚያሳዩ የኢንተርኔት ምንጮችን አሰባስቤ፣ በየፈርጁ ከፋፍዬ፣ በየወሩ እንዳቀርብ። ሥራው ተስማማኝ። ድረ ገጹን ለብቻ፣ የቴሌግራም ቻናሉን ለብቻ፣ ቪዲዮውን ለብቻ፤ አረንጓዴ ቀለም ለመምህራን፣ ቢጫ ለተማሪዎች እያልኩ ሠንጠረዡን አሳመርኩት። አንድ በአንድ ለመክፈት ግን ጊዜ አልነበረኝም። ከሌሎች ሰዎች ዝርዝር ነበር የምገለብጠው፤ እነሱም ከሌሎች ሳይገለብጡ አልቀሩም። ታዲያ መሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ነውና «በሃርድ ኮፒ ይሁን» ተባለ። ሊንኩ ታተመ፣ ፎቶ ኮፒ ተደረገ፣ ማህተም አረፈበት፣ በየወረዳው ላሉ ትምህርት ቤቶች ተበተነ። ወረቀት ላይ ያለ ሊንክ በጣት ቢጫኑት እንደማይከፈት ያነሣ ሰው አልነበረም። እኔም አላነሣሁም።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ኦቦ ቶሌራ ቢሮዬ መጡ። ከጊንጪ ወዲያ፣ ጭልሞ ጫካ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምሩ፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው። «አካም ጂርታ፣ መምህር?» ብለው ደኅንነቴን ጠይቀው ተቀመጡና ከቦርሳቸው ለአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የእኔው ዝርዝር ነው። ሃያ ሦስተኛውን ረድፍ በቀይ እስክሪብቶ ከብበውታል፤ «ዓይናቸው ለደከመ አንባቢዎች የሚረዳ» የሚለውን።

«አንዲት ተማሪ አለችኝ፤ ዓይኗ ይደክማል» አሉ። «ኔትወርክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ እየወጣሁ ይህን አድራሻ ሦስት ቀን ሙሉ ሞከርኩት። እንቢ አለኝ። ማሎ፣ እባክህ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

አድራሻው ሁለት መስመር ሙሉ ነው። ሁለት መስመር የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ፣ ከደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ላይ አንድ በአንድ እየለቀማችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉትና ንገሩኝ። ስህተቱ የእሳቸው መሆኑን ሳልጠራጠር ከኮምፒውተሬ ከፈትኩት። ገጹ የለም። መቼ እንደጠፋ አላውቅም፤ ኖሮ እንደነበርም አላውቅም። ሐፍረቴን ለመሸፈን ያህል የእሳቸውን ወረቀት ማመሳከር ያዝኩ፤ ጽሑፉ ስለደበዘዘም የስልኬን ካሜራ ከላይ ይዤ ፊደሎቹን አጎላኋቸው።

«ቆይ፣ አታንቀሳቅሰው» አሉኝ። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው ረድፉን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው «ተማሪዋ እኔ ነኝ» አሉ።

መልሴንም ሳይጠብቁ ያረሙትን የፈተና ወረቀት ከቦርሳቸው አውጥተው አንድ በአንድ ካሜራው ሥር ማስገባት ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ ቆሙ። አንዲት ልጅ በትክክል በሠራችው ላይ ኤክስ አድርገውበታል፤ ስምንቷን ሦስት ብለው አንብበው። ቀጠሉ። ሌላም አገኙ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን አስቀመጡት።

«ውጤቱ ለርዕሰ መምህሩ ገብቷል» አሉ። «ላስተካክል ካልኩ ለምን እንደተሳሳትኩ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ከተናገርኩ ደግሞ ክፍል አያስገቡኝም። ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀምጠውኝ ጠመኔ ሳድል ጡረታ እወጣለሁ።»

እኔ፣ የአዲስ ነገር ተከታታዩ፣ ያገኘሁላቸው መፍትሔ እጅግ አሮጌ ነበር። «ዝም ቢሉትስ? በሚቀጥለው ፈተና ይካካሳል» አልኳቸው። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

አልተቆጡም። «ልጆቹ ምን ባጠፉ?» ብቻ አሉና ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሬ አስጠጉ። «በል ለርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ጻፍልኝ። የዓይኔን ነገር፣ የሦስቱን ልጆች፣ የቀረውንም ወረቀት በዚህ ካሜራ ደግሜ እንደማርመው። ፊደሉን ተለቅ አድርገው። የምፈርምበትን ራሴ ማንበብ እፈልጋለሁ።»

አተለቅኩት። ግማሽ ገጽ የነበረው ደብዳቤ ሦስት ገጽ ሆነ። እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ እኔ ላለዝብላቸው ብዬ «ምናልባት ተሳስቼ ሊሆን ይችላል» ያልኩትን አስጠፍተው «ተሳስቻለሁ» አስባሉኝ፤ ከዚያ ፈረሙ። ከማተሚያዬ ከወጣው ወረቀት ሁሉ፣ እስከ መጨረሻው መነበቡን በዓይኔ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።