ሠላሳ እስክቆጥር

ለዓመታት ይዤው የኖርኩት አንድ ጥያቄ አለ። እናቴ አምስት ሥራ ባንዴ ይዛ አንዱም ሳይበላሽባት ስትውል፣ እኔ ሁለት በያዝኩ ቁጥር ሁለቱም የሚበላሹብኝ ለምንድን ነው?

ጥያቄው ቀላል እንዳይመስላችሁ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ መልሱን አላገኘሁትም። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ድሬዳዋ፣ ለገሀሬ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ማሽኗን ዘርግታ፣ በእግሯ ፔዳሉን እየረገጠች፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛ፣ ምድጃ ላይ ወጥ ጥዳ፣ በራዲዮ የሚናገረውን ሰውዬ እየተቃወመች፣ በዚያ ላይ ደግሞ ጎረቤታችንን አዴ ፋጡማን በአጥሩ ግንብ ላይ ታጫውታለች። ጣቷን መርፌ ሲወጋት አላየሁም። ወጧም አርሮ አያውቅም። እኔ ግን አንድ ቀን መጽሐፍ እያነበብኩ ሩዝ ቀቀልኩ። ድስቱን ጣልነው። መጽሐፉንም ቢሆን ኋላ መልሼ ሳየው፣ በዚያ ምዕራፍ አንድ ሰው ሞቷል፤ እኔ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ በሕይወት አለ ብዬ ስጠብቀው ነበር።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ሲሉ እናቴን አላዩአትም። እኔን ግን በደንብ አይተውኛል።

እንግዲህ ይህ ጉድለት ከማድ ቤት ሳይወጣ ቢቀር ኖሮ ለእናንተ አላወራውም ነበር። ወጣ እንጂ። ያውም በሩጫ።

የምሠራው ከዚራ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሰነድ ክፍል ነው። ለዓይነ አፋር ሰው ከሰነድ ክፍል የተሻለ ቦታ የለም፤ ፋይል ሰላም አላልሽኝም ብሎ አይቀየምም። ቀትር ላይ የድሬዳዋ ፀሐይ ሁሉንም ሰው ወደ ቤቱ አባርራ ጎኑን ስታሳርፈው፣ እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ መጽሐፌን እገልጣለሁ። ሰዓዳ የመጣችብኝ በዚያ ሰዓት ነው። ሰዓዳ ገቢ ደብዳቤ የምትመዘግብ ባልደረባዬ ናት። ወሬዋን በአማርኛ ትጀምራለች፣ በኦሮምኛ ትጨርሳለች፤ ከተናደደች መሃሉ ላይ ሶማልኛ ይገባል። ያን ቀን ወረቀት ይዛ አጠገቤ ቆማ አንድ ነገር ተናገረች። እኔ ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ ሴትዮዋ በሩን ልትከፍት እጇን የዘረጋችበት ቦታ ላይ ነበርኩ። አንገቴን ነቀነቅኩ።

«እሺ ነው?» አለችኝ። ነቀነቅኩ።

«ወላሂ?» አለችኝ። አሁንም ነቀነቅኩ። ስሜን ጻፈች፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ሄደች። ሴትዮዋም በሩን ከፈተች። ከበሩ ጀርባ ማንም አልነበረም።

በምን እንደተስማማሁ ያወቅኩት በሁለተኛው ቀን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤቶች የሴቶች የዱላ ቅብብል። አራተኛ ሯጭ፣ እኔ።

ሄደሽ አልሰማሁሽም ነበር አትያትም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እንዲህ ብላችሁ የምትጠይቁ ሰዎች ዓይነ አፋርነት ምን እንደሆነ አታውቁም፣ ደስ ይበላችሁ። ልነግራትስ ቆርጬ ሄጄ ነበር። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ። «አቦ ምሥራቅ፣ አንቺ ባትኖሪ ስማችን ሊሰረዝ ነበር። አራተኛችን ወለደች። አራት ካልሞላን ደግሞ አያስገቡንም። ስንት ሴት ለመንኩ መሰለሽ? ሁሉም እምቢ አሉኝ።»

እንደዚያ እያየችኝ አልሰማሁሽም ነበር እንዴት ልበላት? ከአፌ የወጣው «ዱላው ይከብዳል?» የሚል ነበር።

«ዱላው አይከብድም» አለች። «ሩጫው ነው።»

ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። በሕይወቴ ባቡር እንዳያመልጠኝ ብዬ እንኳ ሮጬ አላውቅም፤ ባቡሩ ከመነሣቱ ከሁለት ሰዓት በፊት ደርሼ መጽሐፍ የማነብ ሰው ነኝ። ያም ሆኖ በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሣሁ። ድሬዳዋ ውስጥ የሚሮጥ ሰው የሚሽቀዳደመው ከሰው ጋር ሳይሆን ከፀሐይ ጋር ነው። በከዚራ ዛፎች ሥር፣ ሰው ሳያየኝ፣ ከአንዱ መታጠፊያ እስከ ሌላው ሮጥኩ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ሳላስበው ደስ አለኝ። ቅጠሉ ከላይ፣ ጸጥታው ከታች፣ እኔ መሃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? በማግስቱ ግን እንቁላሉ እግሩን ማጠፍ አቃተው። ተረቱ ስለዚህኛው ቀን ምንም አይልም።

የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ በጎኔ እየወረድኩ ሳለ ጥበቃችን ጋሽ ተካ አዩኝ።

«ሮጥሽ እንዴ?»

«እንዴት አወቁ?»

«ሁርሶ ጦር ሠፈር ስንሠለጥን በሁለተኛው ቀን ሁላችንም እንዲህ ነበር የምንሄደው» አሉና ከወንበራቸው ተነሡ። ሽማግሌው እዚያው በር ላይ ሰውነት ማፍታታት አስተማሩኝ። ለባት፣ ግድግዳ መግፋት፤ አንዱ እግር ወደ ኋላ፣ ተረከዝ መሬት እንደያዘ። ለጭን፣ በአንድ እግር ቆሞ የሌላውን ቁርጭምጭሚት ወደ ኋላ መያዝ። ለጉልበት ጀርባ፣ ተረከዝን ደረጃ ላይ አሳርፎ ወደ ፊት ማጎንበስ። «መጀመሪያ ትንሽ ተራመጂ። አገሩ ሞቃት ነው ብለሽ አትሞኚ፣ ጡንቻ ከእንቅልፉ ሲነሣ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ያዢና እስከ ሠላሳ ቁጠሪ። አትወዝውዢው። ሌላ ምንም አትሥሪ። ቁጠሪ ብቻ።»

ሁሉንም በማስታወሻዬ ጻፍኩ። «ሌላ ምንም አትሥሪ» የሚለውን ግን እንደ ምክር አልቆጠርኩትም፤ አባባል መሰለኝ።

ነገሩን አሰላሁት። ጠዋት ከሥራ በፊት ቤት ውስጥ የእኔ ድርሻ የሆኑ ሥራዎች አሉ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜሉን እሞላለሁ፣ ወተት አፈላለሁ፣ በረንዳ እጠርጋለሁ። በርሜሉ እስኪሞላ ዝም ብሎ ከመቆም ግድግዳ መግፋት ይሻላል። ወተቱ እስኪፈላ በአንድ እግር መቆም ይቻላል። ደረጃው ላይ ተረከዝን አስቀምጦ መጥረግም እንዲሁ። መጽሐፉን ደግሞ መስኮቱ ላይ ገልጬ አቆምኩት። እናቴ አምስት ከያዘች ልጇ አራት ቢያቅታት ያሳፍራል አልኩ።

በመጀመሪያው ጠዋት በእኛና በጎረቤታችን ቤት መሃል ያለውን ግንብ በሁለት እጄ እየገፋሁ ስቆጥር አዴ ፋጡማ ብቅ አሉ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ምሥራቅ» አሉኝ፣ «ግንቡን ወደኛ እንዳትገፊው አደራሽን። የኛ ግቢ ጠባብ ነው።»

ሳቄን ዋጥኩና ቀጠልኩ። አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ «እናትሽ ተነሣች?» አሉ። መለስኩ። አሥራ ሰባት ነበር ወይስ ሃያ ሰባት? ከአሥር ጀመርኩ። አሥራ አራት ላይ የእህታቸው ልጅ ከጅግጅጋ እንደመጣች ነገሩኝ። ሳላዳምጥ ማለፍ ነውር ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ የእኔ ሠላሳ አንዳንድ ቀን ዘጠኝ ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን ሩብ ሰዓት። በርሜሉ ሞልቶ ውኃው በበር ወጣ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ወተት ግን አይለቀምም። መጽሐፉም ከመስኮቱ ላይ ወድቆ በርሜሉ ያፈሰሰውን ጠጣ። እኔ በአንድ እግሬ ቆሜ ሁሉንም አይቻለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አጋማሽ የሆነው ሆነ። እየሮጥኩ ሳለ አደባባዩ ጋ ስደርስ ባቴን ጨምድዶ ያዘኝ። መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ። ያነሣኝ ባጃጅ ነጂ በመስታወቱ እያየኝ «እህት፣ ሩጫ ነው ወይስ ሰው አባሮሽ ነው?» አለኝ። ሁለቱም ነው አልኩት በልቤ።

ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። ይገርማችኋል፣ ስሜን ሰሌዳው ላይ ባየሁ ቀን እንዲህ ያለ ባት ቢሰጠኝ ኖሮ ስለት አገባ ነበር። አሁን ግን ከፋኝ። ሰዓዳ ስንቱን ለምና ያገኘችኝ አራተኛ ነኝ። እኔ ከቀረሁ የሚሰረዘው የእኔ ስም ብቻ አይደለም።

እናቴ እግሬን ትራስ ላይ አስቀመጠች፤ መጽሐፌን ግን ነጠቀችኝ። «እግርሽም ይረፍ፣ ዓይንሽም ይረፍ» አለችና ወደ ማሽኗ ሄደች። የሚነበብ ሲጠፋ ሰው ይነበባል። ተቀምጬ እናቴን አነበብኳት። በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ምን አየሁ መሰላችሁ? መቀስ ስትይዝ ስልኩን ታስቀምጣለች። ጨርቁ መርፌው ሥር ሲገባ አዴ ፋጡማ የፈለጉትን ቢያወሩ «እህ» ከማለት በቀር መልስ የላትም። ስፌቱ ጫፍ ሲደርስ ማሽኑን ታቆምና፣ ሙሉ ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ «ምን አልሽኝ?» ትላለች። አዴ ፋጡማም ምንም ሳይቀየሙ ከመጀመሪያው ይነግሯታል። ወጡ ለስላሳ እሳት ላይ ነው፤ ሽታው ሲጠራት ትነሣለች፣ ሳይጠራት አትነሣም።

«እማዬ» አልኳት፣ «አንቺ አምስት ሥራ ባንዴ አይደለም እንዴ የምትሠሪው?»

«ማን አለሽ? አንድ ነው የምሠራው። ሌሎቹ ይጠብቁኛል።»

«ካልጠበቁሽስ?»

«ድስት እሳቱን ካበረድሽለት ይጠብቃል። ሰውም ቆይ ካልሽው ይጠብቃል።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «አንቺ ግን ቆይ ማለት ታፍሪያለሽ።»

ለዓመታት የያዝኩት ጥያቄ በአንድ ክር መበጠስ መሃል ተመለሰ። ሰዓዳን ቆይ ብያት ቢሆን ኖሮ፣ አዴ ፋጡማን ቆይ ብያቸው ቢሆን ኖሮ፣ እንኳን ባቴ ወተቱም ይተርፍ ነበር።

ሕመሙ ጋብ ሲል እናቴ ማሽኗን ትታ መጣች። «በይ ግንቡን ግፊ፤ ቀስ አድርገሽ። እኔ እቆጥርልሻለሁ» አለች። አሥራ አንድ ላይ አዴ ፋጡማ «ሰማሽ ወይ» ብለው ጀመሩ። እናቴ መዳፏን አነሣች። «ቆይ ፋጡማ፣ እየቆጠርን ነው።» እኔ በሐፍረት ልሞት ነው። አዴ ፋጡማ ግን አልተቀየሙም፤ ከግንቡ ማዶ እሳቸውም መቁጠር ጀመሩ። ሃያ ዘጠኝ ድረስ በአማርኛ አብረውን መጥተው መጨረሻዋን «ሶዶማ» ብለው በኦሮምኛ ዘጓት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሠላሳ የምትባለው ቁጥር በእኛ ሰፈር በሁለት ቋንቋ ትሞላለች። ባቴም ዳነ።

የሩጫው ቀን እሑድ ጠዋት ነበር። ስድስት መሥሪያ ቤት። እናቴ ከቤት በርጩማ አስመጥታ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች። ሰዓዳ ሦስተኛ ሯጭ ናት፤ ዱላውን ከእሷ ተቀብዬ የምጨርሰው እኔ ነኝ። እንደተባልኩት ትንሽ ተራመድኩ። አንድ ዛፍ ያዝኩና መግፋት ጀመርኩ። ቀኝ እግሬን ጨረስኩ። ግራውን ያዝኩ። ፍርሃቱ፣ ጩኸቱ፣ የሰው ዓይን ሁሉ ራቀልኝ፤ የቀረው ቁጥር ብቻ ነው። እንዲህ ተጠቃልዬ አንድ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ሃያ ሁለት ላይ ሰዓዳ ደረሰች። ሦስተኛ ሆና ነው የመጣችው። ዱላውን ዘረጋችልኝ።

«ቆይ» አልኳት።

በሕይወቴ ሙሉ ለሰው ያልኩት የመጀመሪያው ቆይ ይኸው ነው።

«ምን?» አለች፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ።

«ስምንት ቀረኝ።»

አየችኝ። ልትቆጣኝ አምሯት ነበር፤ ሶማልኛው ሁሉ ፊቷ ላይ መጣ። ግን የሚያናግር ትንፋሽ አልነበራትም። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ጣለችና «ሃያ ሦስት» አለች። አብረን ቆጠርን። ሁለት ልጆች አልፈውን ሄዱ። እናቴ ዛፉ ሥር በነጠላዋ ፊቷን ሸፍናለች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከሩቅ አይለይም። ሠላሳ ሲሆን ዱላውን ተቀብዬ ሮጥኩ።

ያለፉንን ደረስኩባቸው ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ያለፉን ልጆች እስከ ዛሬ እንዳለፉን ናቸው። አምስተኛ ወጣን። ስድስተኛዋ ማን እንደሆነች አትጠይቁኝ። ነገር ግን አራታችንም ጨርሰናል፣ ስማችንም አልተሰረዘም፤ እግሬም በማግስቱ ደረጃውን ፊት ለፊት ወረደ።

ሰዓዳ መጨረሻው መስመር ላይ ተቀብላኝ «አቦ፣ ሦስተኛነታችንን ስምንት ቁጥር በላው» አለችና መሬት እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። እናቴ ግን ነገሩን ሳታርም አላለፈችውም። «ቆይ በይ ያልኩሽ ለሥራ ነው። ዱላ ይዞ ለመጣ ሰው አላልኩሽም።»

ባለፈው ሳምንት ቀትር ላይ ሰዓዳ ወረቀት ይዛ እንደገና መጣች። እያነበብኩ ነበር። «ቆይ» አልኳት። አንቀጹን ጨረስኩ፣ መጽሐፉን ዘጋሁ፤ ጣቴን ግን ከገጹ አላወጣሁም፣ ሁሉንም ባንድ ቀን መተው አይቻልም። ከዚያ እንደ እናቴ ሙሉ ፊቴን አዙሬ «ምን አልሽኝ?» አልኳት። ከመጀመሪያው ነገረችኝ። ለሚቀጥለው ዓመት ሩጫ ስም እየጻፈች ነው። አንድም ቃል ሳያመልጠኝ ሰማኋት፤ እንደዚያ ሰምቼ እምቢ የማለት መብቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነበር።

አሰብኩበት። እሮጣለሁ አልኳት፣ በአንገቴ ሳይሆን በአፌ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፤ በሚቀጥለው ሩጫ የመጀመሪያዋ ሯጭ እኔ ልሁን። ፊሽካው ሳይነፋ ሁለቱንም እግሬን ቆጥሬ እጨርሳለሁ፤ ዱላ ይዞ የሚጠብቀኝም ሰው አይኖርም።