የጌታሁን መኪና ያቃሰተችበት ደጅ

ላስ ቬጋስን ካላያችኋት አትቆጩ። እኔ ስንት ዘመን አይቻታለሁ፤ ምንም አልጨመረችልኝም። ወረርሽኙ ሁላችንንም ቤት የከተተን ጊዜ ግን ብታዩዋት ደግ ነበር። ካዚኖዎቹ ተዘግተዋል፤ መብራታቸው ግን በጠራራ ፀሐይ ብልጭ ድርግም ይላል። ለማን? እንጃ። መንገዱ ላይ ሰው የሚባል የለም። አስፋልቱ በሙቀት ይርገበገባል፤ ከሩቅ የሆነ ሰው የሚመጣ ይመስላችኋል፤ ብትጠብቁት አይደርስም። እንዲህ ባለ ከተማ መኪና አቃሰተች ቢሏችሁ አታምኑም? እኔ አላመንኩም። መጀመሪያ ላይ ማለቴ ነው።

ጌታሁን የሚባል ሰው አለ። ካዚኖ በር ላይ ቆሞ የእንግዳ መኪና እየተቀበለ ፓርክ የሚያደርግ፣ በቲፕ፣ በእንግዳ ጉርሻ የሚኖር ጎልማሳ ነበር። ሥራው ሲዘጋ ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ነገር አዘዘችው፤ ከቤት መውጣት ለማይችሉ አዛውንቶች በየሳምንቱ ምግብ እንዲያደርስ። የሚያደርሰው በራሱ መኪና ነው። ከእሱ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ጀርባዋ የጎበጠ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ የጀርመን መኪና። ምኗን እንደሚወዳት አላውቅም። ሰው ከሚስቱ ጋር እንኳ እንዲህ አይታገሥም።

አሠራሩ ይህ ነው። ከረጢቱን በራችሁ ላይ ያስቀምጣል፣ ደወሉን ይጫናል፣ ሮጦ መኪናው ውስጥ ይገባል። እናንተ ስትወጡ በመስኮት ሰላም ይላችኋል፣ ጤናችሁን ይጠይቃል፣ ይሄዳል። ሞተሩን አያጠፋም፤ በዚያ ሙቀት ካጠፋት ማን ያስነሳታል?

አንድ ቀን ጽጌ ደወለችልኝ። ጽጌ ኖርዝ ላስ ቬጋስ የምትኖር ወዳጄ ናት፤ ከሰው በፊት ወሬ የምትሰማ። የጌታሁን መኪና በጎረቤቷ በአቶ ፈቃደ ደጅ ቆማ አቃሰተች አለችኝ። ከኋላ ወንበር፣ ሰው ከሌለበት፣ "እህህህ" የሚል ድምፅ ወጣ። ድምፁ ቁርጥ የአቶ ፈቃደን ነው አለች።

"አንቺ ጽጌ፣ ሙቀቱ ገብቶሻል፤ ውኃ ጠጪ" አልኳት።

በሳምንቱ አቶ ፈቃደ ሞቱ።

ቀጥሎ መኪናዋ ሮድስ ራንች በሚባል ሰፈር ልጃቸው ጋ በሚኖሩት በወይዘሮ አስካለ ደጅ አቃሰተች። እሳቸውም ሄዱ። የሁለቱንም ለቅሶ በስልክ ደረስኩ። በስልክ ማልቀስ ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል፤ እንባው ይመጣል፣ ንፍጡን የሚያይላችሁ ግን የለም።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ድምፁን ማዳመጥ ጀመረ፤ በእኛም ደጅ አቃሰተች የሚል አልጠፋም። ጌታሁንን ምግቡን መንገዱ ጥግ ላይ ተውልን የሚሉት በዙ። አንዷ መኪናዋ ላይ ማሰሮ ሙሉ ጠበል ደፋችባት። ምስኪኑ ሰውዬ ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ ፍሪሲዮኑን፣ ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠውን፣ እስከ ወለሉ ረገጠ፣ ዝም። ለቀቀ፣ ዝም። ነድቶ ዞረ፣ ዝም። ምንም የላትም፣ ጤነኛ ናት ብሎ መለሳት። ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ብልሽት ካልሆነ ምንድነው?

እኔ እስቅ ነበር። ብዙ አንብቤአለሁ፤ ሰው ሲፈራ ምን ምን እንደሚፈጥር አውቃለሁ። ደግሞስ ግሪን ቫሊ ያለው ቤቴ ደጅ በመጣች ቁጥር ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

"አንቺንማ ሞትም ይፈራሻል" ትለኝ ነበር ጽጌ።

መስከረም ላይ በእኔም ደጅ አቃሰተች።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ፣ ጌታሁን በመስኮት "እንደምን ዋሉ?" አለ፣ ከጀርባው ያ ድምፅ መጣ። ረጅም ነው። ከወንበር መነሳት ያቃተው ሰው ድምፅ ነው። ጌታሁን ፊቱ አመድ መሰለ፣ ተሰናብቶኝ እንኳ አልሄደም። እኔም ከረጢቱን አንስቼ ገባሁና ቁጭ አልኩ። ያነበብኩት ሁሉ የት እንደሄደ አትጠይቁኝ። ሙቀቴን ለካሁ። ነጭ ሽንኩርት አሸተትኩ፤ ይሸታል። እንደገና አሸተትኩ። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ማን ይሆን ብዬ እስከ ማሰብ ደረስኩ። አቶ ፈቃደ ይሆኑ? ከእሳቸው ጋር በሕይወት ሳሉም እንኳ አንስማማም ነበር።

ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም። ካልሞትኩ ግን ይህን ነገር በዓይኔ አያለሁ ብዬ ማልኩ። በሚመጣበት ቀን ወንበሬን በር ላይ አውጥቼ፣ መነጽሬን አድርጌ ጠበቅኩት። መጣ፣ ከረጢቱን በሩቁ አስቀመጠ፣ ተመልሶ ገባ፣ ቀና ብሎ አየኝ። አቃሰተች። እኔ ግን መኪናዋን ሳይሆን እሱን ነበር የማየው። ኮፍያው የመኪናዋን ጣሪያ ነክቷል።

"ጌታሁን፣ አሁን ምን አደረግህ?"

"ኧረ ምንም እማማ! እሷ ናት!"

ወንበሬን ትቼ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ከፍቼ ወጣሁ። ኮፍያው ጣሪያውን ነካ፤ አቃሰተች። ገባሁ፣ ወጣሁ። አቃሰተች። ፈረንጅ ጎረቤቴ መጋረጃዋን ገልጣ ታየኛለች፤ አበደች ብላ ይሆናል።

"እየተነሳህልኝ ነው እንዴ?" አልኩት።

"ታዲያ ትልቅ ሰው ሲወጣ ቁጭ ልበል? እንዲያ አላሳደጉኝም!"

ገባችሁ? ሰውየው ሽማግሌ ሲያይ መኪና ውስጥም ሆኖ ብድግ ይላል። ግራ እግሩ ፍሪሲዮኑ ላይ አርፏል፤ ሲነሳ ይደገፍበታል። ሙሉ አይረግጠውም፣ አይለቀውም፤ ነካ ያደርገዋል። ከኋላ፣ ሞተሩ ጋ፣ ፍሪሲዮኑ ሲነካ የምትሽከረከር ኩሽኔታ የሚሏት ቀለበት አለች፤ አርጅታለች፤ ሙሉ ጫና ሲያርፍባት ዝም፣ ሲተዋት ዝም፣ ነካ ሲያደርጋት ታቃስታለች። እንደ እኔ ናት። ጋራዥ ውስጥ ያልተሰማችውም ለዚህ ነው፤ እዚያ ለማን ይነሳ?

"ተመስገን!" አለ ጌታሁን። ወዲያው ደግሞ ደነገጠ። "ግን እማማ፣ ከተነሳሁላቸው ሁለቱ ሞተዋል እኮ።"

"አንተና በሽታው የምትመርጡት አንድ ዓይነት ሰው ነው። ያረጀ ሰው።"

ይህን ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ቆረቆረኝ።

"ቆይ እስቲ፣ በፋሲካ ጊዜ ለምን አልተነሳህልኝም?"

መሪውን ማየት ጀመረ። "ያኔ... እትዬ ነበሩ እኮ።"

"አሁንስ?"

ቀና ብሎ ፀጉሬን አየ። እጄ ሳላዘው ወደ ፀጉሬ ሄደ። ፀጉሬን ጥቁር የምትቀባልኝ ሴት ሱቋ ከተዘጋ ስንት ወሯ! ሞት መጣብኝ ብዬ ስንቀጠቀጥ የከረምኩት ለካ ሽበቴን ለተሳለመ ሰው ነው። እውነቱን ልንገራችሁ? ሞቱ ይህን ያህል አላናደደኝም ነበር።

ጌታሁን ሞተሩን አስወርዶ ኩሽኔታዋን አስቀየረ። እኔም ስልኬን አንስቼ ለሁሉም አስረዳሁ፤ ማስረዳት እወዳለሁ። ሰው ሁሉ ገባን አለ፣ ፍሪሲዮን ነው አለ፣ ሳቀ። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? አዛውንቱ ሁሉ ጌታሁን ደጃቸው ሲቆም "ተቀመጥ! በማርያም እንዳትነሳ!" እያሉ በሁለት እጃቸው ይለምኑት ጀመር። መኪናዋ ነፃ ወጣች፤ ፍርሃቱ ወደ ጌታሁን መቀመጫ ዞረ። ጽጌማ ልጆቿንም የልጅ ልጆቿንም ለማንም እንዳትነሱ ብላ አዘዘች።

እኔ ይህን አልቀበልም። ሥርዓት ሥርዓት ነው።

"ጌታሁን፣ ለእኔ ትነሳለህ!" አልኩት።

"አልነሳም እማማ።"

"ባለጌ!"

"ይስደቡኝ። ይቆዩልኝ እንጂ ይስደቡኝ።"

ክትባት መጣ፣ ካዚኖው ተከፈተ፣ እሱም ወደ ሥራው ተመለሰ፤ በዕረፍት ቀኑ ግን አሁንም ይመጣል። እኔ በር ላይ ቆሜ ተነሳ እላለሁ፣ እሱ መሪውን ጨብጦ ድንጋይ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ግን ስወጣ ከመቀመጫው ከፍ ሲል አየሁት።

"ቁጭ በል አንተ!" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቴ እንደገና መጋረጃዋን ገለጠች።

"ስልኬን ከኋላ ኪሴ ላወጣ ነው እኮ፣ እማማ" አለኝ።